የብሎን ጥርስ ያስማማው ሰው
(የሰር ጆሴፍ ዊትወርዝ የሕይወት ታሪክ)

በዛሬው ዘመን በባሕር ላይ ከሚመላለሱት የጦር መርከቦች መካከል ብዙ ሥራ የሚጣልበት በሚሳይል የታጠቀው ዲስትሮየር ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ከ1991 ዓ. ም. ጀምሮ የሚያገለግለው አርሊ በርክ የሚባለው ዓይነት መርከብ አራት የጋዝ ተርባይን ሞተሮች አሉት። የመጀመሪያዎቹ የዚህ ዓይነት መርከቦች ከመርከቡ ወለል በታች ቀጥ ብለው የቆሙ 90 የሚሳይል ጉድጓዶች ነበሯቸው፤ በያንዳንዱም ውስጥ ወደ 300 የሚጠጋ መርከበኛ ይኖራል። እንዲህ ያለውን መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው የሚያደንቀው ሚሳይሉንና ራዳሩን ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ የሚሠራው መካኒክ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። አንድ ዕቃ ቢሰበር መለዋወጫው ይገኛልን? ቢገኝስ ያለ ሞረድና ያለ መዶሻ በቦታው ልክ ይገባልን? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ያ ሁሉ ሚሳይል ጠላት ሳይነካው ወደቡ ላይ ታስሮ ይቀራል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ካዘጋጁት ሰዎች አንደኛው ሚሳይል አላየም፤ ዲስትሮየር የሚባል መርከብም አላየም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሀቮክ የተባለችውን ዲስትሮየር ባሕር ላይ ያወረደው በ1893 ዓ. ም. ሲሆን፣ ይህ ሰው ከዚያ ስድስት ዓመት አስቀድሞ ሞቷል። ስሙ ሰር ጆሴፍ ዊትወርዝ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፍ ዊትወርዝ በዲሴምበር 21 ቀን 1803 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ለማንቸስተር ቅርብ በሆነችው በስቶክፖርት ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ በኋላም የወንጌል ሰባኪ ሆኑ። እናቱ እሱ ገና ልጅ ሳለ ስለ ሞቱበት በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ አደገ። ዕድሜው 14 ዓመት ሲሆን ትምህርቱን አቁሞ በደርቢሺር አውራጃ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ወደ ነበራቸው አጎቱ ዘንድ ተላከ። የዘመዶቹ አሳብ ንግድ ተምሮ የፋብሪካው ባለቤት እንዲሆን ነበር። ልጁ ግን ከሒሳቡ መዝገብ ይልቅ መኪናዎቹን ይወድ ነበር። እያንዳንዱ መኪና እንዴት እንደሚሠራ ካወቀ በኋላ፣ ሁሉም በደንብ እንዳልተሠሩ ደግሞ ተገነዘበ። ስለዚህ የነጋዴነቱን ተስፋ ትቶ 18 ዓመት ያህል ሲሆነው ወደ ማንቸስተር ሄደና ተራ መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ።

በ1825 ዓ. ም. ፋኒ አንከርስ የምትባል የጀልባ ሠራተኛ ልጅ አገባ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ለንደን ሄዶ በሄንሪ ሞድስሌይ የሥራ ቤት ገባ። ስለዚህ ቤት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የመርከብ መለዋወጫ ታሪክ የሚያልፈው በዚያ በር ነውና። በናፖሌዎን ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሸራ ገመድ የሚያልፍባቸው የእንጨት መዘውሮች በየዓመቱ 100,000 ያህል ያስፈልጉት ነበር። እነዚህ ሁሉ በእጅ ይጠረቡ ነበር። ማርክ ብሩኔል የሚባለው መሐንዲስ መዘውር የሚሠሩ መኪናዎችን ነደፈ፤ ሞድስሌይ ደግሞ መኪናዎቹን በብረት ሠራቸው። በፖርትስመዝ ወደብ ተተክለው ሥራ ሲጀምሩ 110 ሰዎች ይሠሩት የነበረውን 10 ሰዎች ሠሩት፤ በ1808 ዓ. ም. የወጣውም መዘውር 130,000 ደረሰ። ወጣቱ ዊትወርዝ የተማረው ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ ነው።

በዚያ ቤት ሳለ የያዘው ችግር ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ፍጹም ልሙጥ የሆነ የብረት ገጽ እንዴት ይገኛል? በዚያ ዘመን ሁለት የብረት ሰሌዳዎችን በመካከላቸው የአሸዋ ዱቄት ነስንሶ ማፋተግ የተለመደ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰሌዳ ሊዋሽ ይችላል፤ አንዱ ጉብታ ሌላው ጎድጓዳ ሆነው ልክ እንደ ገጠሙ ይቆጠራሉ። ዊትወርዝ የሦስቱን ሰሌዳ ዘዴ ወደ ፍጻሜ አደረሰው። ሀ ከለ ጋር፣ ለ ከሐ ጋር፣ ሐ ደግሞ ከሀ ጋር በየተራ ይነካካሉ። ለ ጎድጓዳ ቢሆን ሀና ሐ ሁለቱም ጉብታ ይሆናሉ፤ ሁለት ጉብታ ደግሞ እርስ በርሱ አይገጥምም። ስለዚህ ሦስተኛው ሰሌዳ እንደ ምስክር ሆኖ የሁለቱን ሐሰት ያወጣል። ገጾቹን ቀጭን ቀለም ቀብቶ ያነካካቸዋል፤ ቀለም የነካው ቦታ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ያንን ብቻ በብረት መፋቂያ ጥቂት ጥቂት እያለ ይፍቃል። ሦስቱም በያቅጣጫው እስኪስማሙ ድረስ ሥራው አይቆምም። ይህን ዘዴ በ1840 ዓ. ም. በግላስጎው ከተማ በተደረገ የሳይንስ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ በዝርዝር አስረዳ።

በ1833 ዓ. ም. ወደ ማንቸስተር ተመልሶ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። በበሩ ላይ የሰቀለው ጽሑፍ ከለንደን የመጣ የመሣሪያ ሠሪ መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ነበር። ከዚያ ቤት ቶርኖዎች፣ መላጊያና መብሻ መኪናዎች ይወጡ ጀመር፤ በ1842 ዓ. ም. በፈረስ እየተጎተተ መንገድ የሚጠርግ መኪና ሳይቀር ሠራ። ስሙን ያስጠራው ግን መለኪያው ነው። በ1851 ዓ. ም. በለንደን በተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ያሳየው የመለኪያ መሣሪያ የኢንችን አንድ ሚሊዮንኛ ይለይ ነበር። አሠራሩን ማንኛውም ተማሪ በሒሳብ ሊደርስበት ይችላል። የመሣሪያው ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ አለው። ብሎኑን የሚያዞረው ጎማ 200 ጥርስ አለው። ጎማውን የሚያዞረው እጄታ ደግሞ ክቡ በ250 ተከፍሏል። 20 በ200፣ እንደ ገና በ250 ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ይሆናል። ልኩ መድረሱ የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በመነካት ነው። በሚለካው ዕቃና በመሣሪያው መካከል የገባች ቀጭን የብረት ቅጠል ትያዛለች፤ እጄታው አንዲት ምልክት ብቻ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን በገዛ ክብደቷ ትወድቃለች።

እንዲህ መለካት የሚችል ሰው የብሎኑን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ የሥራ ቤት የራሱ የብሎን ጥርስ ነበረው። የአንዱ ቤት ብሎን ለሌላው ቤት ዳዶ አይሆንም። ብሎን የጠፋበት ባለመኪና መኪናውን ወደ ሠራው ቤት ይመልሳል፤ ወይም በቅርቡ ያለ ሠራተኛ እንደ ምንም ብሎ ሌላ ያበጅለታል። ዊትወርዝ ከብዙ የሥራ ቤቶች ብሎኖችን ሰበሰበ፤ ለካቸው፤ አማካያቸውንም አወጣ። በ1841 ዓ. ም. ለሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የብሎን ጥርስ ሁሉ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን፣ ለያንዳንዱም የብሎን ውፍረት የተወሰነ የጥርስ ቁጥር እንዲመደብለት አሳሰበ። የሩብ ኢንች ብሎን በኢንች 20 ጥርስ፣ የግማሽ ኢንች ብሎን 12፣ የአንድ ኢንች ብሎን 8 ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ዊትወርዝ የኔ ብሎን ከሁሉ ይበልጣልና የኔን ውሰዱ አላለም። የሁሉንም አይቶ ማንም ብዙ ሳይጎዳ ሊቀበለው የሚችለውን መካከለኛ መረጠ። የምድር ባቡር ኩባንያዎችና ታላላቅ የሥራ ቤቶች ተቀበሉት፤ በ20 ዓመት ገደማ ውስጥም በአገሪቱ ሁሉ የተለመደ ሆነ።

የዚህ ስምምነት ፈተና የመጣው በጦርነት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በክሪሚያ ምክንያት ከሩሲያ ጋር ሲዋጉ፣ ለባልቲክ ባሕር ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚሆኑ ትናንሽ ባለ መድፍ መርከቦች በአስቸኳይ አስፈለጉ። መርከቦቹን የሚሠሩ ቤቶች ነበሩ፤ የጎደለው ሞተር ነው። ለ90 መርከቦች የሚሆን ባለ 60 የፈረስ ጉልበት የእንፋሎት ሞተር ያንን በመሰለ አጭር ጊዜ ሠርቶ የሚጨርስ አንድም ፋብሪካ አልነበረም። በግሪኒች የሞተር ፋብሪካ የነበረው ጆን ፔን ሥራውን ተቀበለ፤ ለምሳሌ የሚሆኑ ሁለት ሞተሮችንም ፈታቸው። ከዚያም ቁራጮቹን በአገሪቱ ላሉት የታወቁ የሥራ ቤቶች አከፋፈለ፤ ለያንዳንዱም ቤት የደረሰውን ቁራጭ በትክክል አስመስሎ 90 እንዲሠራ አዘዘ። ቁራጮቹ ከያሉበት ተሰብስበው ሲገጣጠሙ ሞተሮቹ ሠሩ፤ ሁሉም በ90 ቀን ተፈጸመ። ከዚያ 15 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ከተማ የመጣው ብሎን ከሌላው ከተማ የመጣውን ዳዶ ባልነካው ነበር። የመርከብ ንድፍና የመለዋወጫ ዕቃ አንድ ጉዳይ መሆናቸው በዚያ ጊዜ በግልጥ ታየ።

ዊትወርዝ ራሱ ግን ክብርን የፈለገው በብሎን አልነበረም፤ በመሣሪያ ነበር። በ1854 ዓ. ም. መንግሥት የኤንፊልድ ጠመንጃ የሚሠሩ መኪናዎችን እንዲያዘጋጅ ሲጠይቀው፣ አስቀድሞ ጠመንጃ ለምን ዒላማውን እንደሚስት ማወቅ ይገባል ብሎ በቤቱ ግቢ 500 ያርድ የሚረዝም የተኩስ መሞከሪያ አስገነባ። ከብዙ ሙከራ በኋላ የአፈሙዙ ውስጥ ስድስት ማዕዘን የሆነ ጠመንጃ አወጣ። በ1857 ዓ. ም. በተደረገው ፈተና ኤንፊልዱን በሩቅ ዒላማ አሸነፈው። በ1860 ዓ. ም. ንግሥት ቪክቶሪያ በዊምብልደን የተኩስ ውድድር ሲከፍቱ፣ በመደገፊያ ላይ የተቀመጠውን የዊትወርዝ ጠመንጃ ከ400 ያርድ ተኩሰው ዒላማውን መሐሉ አጠገብ መቱ። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃውን አልተቀበለውም። ዋጋው ውድ ነበር፤ አፈሙዙም ጠባብ ስለ ሆነ በባሩድ ጥላሸት ቶሎ ይደፈናል። ጥቂቶቹ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ተሻግረው በርስ በርሱ ጦርነት በደቡቦቹ አልሞ ተኳሾች እጅ ገቡ።

በመድፍም በኩል ከዊሊያም አርምስትሮንግ ጋር ለብዙ ዓመታት ተፎካከረ። የተቀናቃኙ መድፍ ለኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1868 ዓ. ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲወጣ በዝሆን ጀርባ ተጭኖ የመጣው የአርምስትሮንግ መድፍ ነበር። ዊትወርዝ በዚህ ክርክር ብዙ ገንዘብና ብዙ ወዳጅ ከሰረ። ጠባዩ ግትር ነበር፤ ንድፉ እንዲሻሻል ከሹማምንት ጋር መደራደር አይወድም። በብሎን ጊዜ የሁሉን አሳብ ሰብስቦ መካከለኛውን የመረጠው ሰው በመድፍ ጊዜ የራሱን ብቻ ያዘ። በብሎኑ ተሳካለት፤ በመድፉ አልተሳካለትም። ከዚያ ክርክር የተረፈው ጠቃሚ ነገር ብረቱ ነው። የቀለጠ ብረት ሳይረጋ በከባድ ጉልበት ቢጫኑት በውስጡ የሚቀረው የአየር ቀዳዳ እንደሚጠፋ ደረሰበት። በዚህ ዓይነት የተሠራው ብረት ለመድፍ አፈሙዝ ብቻ ሳይሆን የመርከብን ማራገቢያ ለሚያዞረው ክፍት ዘንግም አገለገለ።

በ1868 ዓ. ም. ለኛ ለተማሪዎች ይበልጥ ሊታወስ የሚገባውን ሥራ ሠራ። በየዓመቱ 3,000 ፓውንድ እንዲከፈል ገንዘብ መድቦ፣ ለያንዳንዱ ተማሪ 100 ፓውንድ የሚሰጥ 30 የነጻ ትምህርት ዕድል አቋቋመ። ተወዳዳሪው በሒሳብና በሳይንስ መፈተኑ ብቻ አይበቃም ነበር። በሞረድ፣ በቶርኖ ወይም በአንጥረኛ ሥራ እጁ የሠለጠነ መሆኑንም ማስረዳት ነበረበት። ዊትወርዝ የተማረውን ሰው ከሠራተኛው፣ ሠራተኛውንም ከተማረው የሚለየውን ግድግዳ ይጠላ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ባሮኔት የሚባለውን ማዕረግ አገኘ። ፋኒ በ1870 ሞተችበት፤ በ1871 ሜሪ ሉዊዛ ኦሬልን አገባ። ልጅ ሳይወልድ በጃንዋሪ 22 ቀን 1887 ዓ. ም. በሞንቴ ካርሎ አረፈ፤ ሬሳውም ወደ ደርቢሺር ተመልሶ በዳርሊ ዴል ተቀበረ። ከሀብቱ አብዛኛው ለትምህርትና ለበጎ አድራጎት ዋለ፤ በማንቸስተር ያለው የሥዕል ቤተ መዘክር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1897 ዓ. ም.፣ ኩባንያው ከአሮጌው ተቀናቃኙ ከአርምስትሮንግ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ሆነው የጦር መርከብ ሠሩ።

የሰውየው ሕይወት በዚህ ቢፈጸም የብሎኑ ታሪክ ግን አልተፈጸመም። ገና በሕይወት ሳለ፣ በ1864 ዓ. ም.፣ ዊሊያም ሴለርስ የሚባል አሜሪካዊ 60 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ሌላ ጥርስ አቀረበ፤ በ1868 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተቀበለው። የእንግሊዝ የግማሽ ኢንች ብሎን 12 ጥርስ ሲሆን የአሜሪካው 13 ሆነ። በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው፤ ሁለቱ ግን አይገጥሙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለቱ አገሮች በአንድ ወገን ተሰልፈው ሲዋጉ ይህች አንዲት ጥርስ ብዙ አስቸገረች። አሜሪካዊው የፓካርድ ፋብሪካ የሮልስ ሮይስን የአይሮፕላን ሞተር ሲሠራ፣ መለዋወጫው ለእንግሊዞች እንዲሆን ብሎኑን ሁሉ በእንግሊዝ ጥርስ መቁረጥ ግድ ሆነበት። በመጨረሻም በኖቬምበር 18 ቀን 1948 ዓ. ም. እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በዋሽንግተን ከተማ አንድ የጋራ ጥርስ ተስማሙ። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሆነ። የዊትወርዝ 55 ተሸነፈ፤ የዊትወርዝ አሳብ ግን አሸነፈ።

የዛሬውን የሚሳይል ዲስትሮየር የሚነድፉት መሐንዲሶች የሚመሩት በዚሁ አሳብ ነው። አርሊ በርክ የተሠራበት የተርባይን ሞተር ቀደም ብሎ በስፕሩዋንስ ዲስትሮየሮች፣ በቲኮንዴሮጋ ክሩዘሮችና በፔሪ ፍሪጌቶች ላይ ያገለገለው ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ የመለዋወጫ መጋዘን ለብዙ ዓይነት መርከብ ይበቃል። ሞተሩ በባሕር ላይ እንዲጠገን አይጠበቅም፤ በአየር ማስገቢያው መተላለፊያ ተስቦ ይወጣና በሌላ ይተካል። የሚሳይል ጉድጓዶቹም ስምንት ስምንት ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ለአይሮፕላን፣ ለየብስና ለሰርጓጅ መርከብ የሚተኮሱት ልዩ ልዩ ሚሳይሎች በየሣጥናቸው ሆነው በአንድ ዓይነት ጉድጓድ ይገባሉ። ማንቸስተር ላይ የተጀመረው ነገር እዚህ ደርሷል።

ይሁን እንጂ ልክን የሚወስነው ማን እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። የኢራኑ ሻህ ከአሜሪካ አራት ታላላቅ የሚሳይል ዲስትሮየሮች አዝዘው ነበር። በ1979 ዓ. ም. አብዮት ሲነሣ መርከቦቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ቀሩ፤ ከ2005 ጀምሮም ወደ ታይዋን ተላለፉ። ኢራን አስቀድማ የተቀበለችው የአሜሪካ መሣሪያ ደግሞ መለዋወጫ ተከልክሎበት፣ ከ1980 እስከ 1988 ከኢራቅ ጋር በተዋጋችበት ጊዜ ከአንዱ አይሮፕላን እየፈታች ለሌላው ትገጥም ነበር። እኛም ከዚህ ዕጣ አልራቅንም። በ1962 ዓ. ም. ከአሜሪካ የተገኘችው ኢትዮጵያ የተባለችው መርከብ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ነበረች። ከ1977 በኋላ መሣሪያ ከሶቪየት ኅብረት መምጣት ሲጀምር፣ በኢንች የተሠራችው መርከብና በሚሊሜትር የተሠሩት የሩሲያ የሚሳይል ጀልባዎች በአንድ ባሕር ኃይል ሥር ተሰበሰቡ። መርከቢቱ በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መርከብ የሚገዛ አገር የመርከቡን ብሎንም አብሮ ይገዛል፤ ብሎኑን መቁረጥ ካልቻለ ደግሞ የሻጩን ፊት እያየ ይኖራል።

ከዊትወርዝ ሕይወት የምንማረው ሰው ሁሉ መድፍ ይሥራ የሚል አይደለም። እሱ ራሱ በመድፍ አልከበረም። ያከበረው፣ ማንም የማያየውን ትንሽ ነገር በትክክል ለክቶ ሌሎችን ማስማማቱ ነው። ዛሬም የቧንቧ ሠራተኛ ከገበያ የግማሽ ኢንች መጋጠሚያ ገዝቶ ሌላ ፋብሪካ በሠራው ቧንቧ ላይ ሲያጠብቅ፣ በእጁ የሚያዞረው ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው። በመርከብ የተሸነፈው ልክ በቧንቧ ተርፏል። ከኛ መካከል በምሕንድስና ትምህርት ቤት ያለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከወርክሾፑ ሲገባ፣ ከትልቁ መኪና አስቀድሞ መለኪያውን አንሥቶ አንድ ብሎን ይለካ፤ ልኩንም በደብተሩ ይጻፍ። አገር መርከቡንም ሆነ ትራክተሩን በራሷ እጅ መጠገን የምትጀምረው ከዚያ ነው።